መጀመሪያ ካርድ አውጪ

«ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የማዋለጃ ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። 34 ዓመቴ ነው፤ ሥራ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። ወገቤን መታመም ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሲብስብኝ ጓደኛዬ ዲክሎ (የሕመም ማስታገሻ መርፌ) ትወጋኝና ሥራዬን እቀጥላለሁ። ድሮ በወር አንዴ ነበር፤ አሁን በሳምንት ሦስቴ ደርሷል። ጨጓራዬም ስለተነሣብኝ ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። (ስለ ወገቧ የጻፈችውን ረዘም ያለ ክፍል አሳጥሬዋለሁ።) የዛሬ 3 ሳምንት ናይት ገብቼ፣ ባዶ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) ስላልነበረ የሞላውን ጫን አድርጌ ቦታ ላስለቅቅ ስል መርፌ መዳፌን ወጋኝ። የማን መርፌ እንደሆነ አላውቅም። ‹ስለ ጥንቃቄ ሥልጠና የሰጠሽን አንቺ አይደለሽ?› እንዳይሉኝ ለማንም አልተናገርኩም። የጉበት (የሄፓታይተስ ቢ) ክትባት ከአራት ዓመት በፊት የመጀመሪያውን ወስጄ፣ ሁለተኛው አልቋል ተብሎ በዚያው ቀረ። በዚያው ሌሊት ደግሞ አንዲት 18 ዓመት የሚሆናት ወላድ በኦሮምኛ ‹አዮ፣ አዮ› (እናቴ፣ እናቴ) እያለች ስትጮህ ‹ዝም በይ! የመጀመሪያዋ ወላድ አንቺ አይደለሽም!› ብዬ ጮህኩባት። እኔ እንዲህ አልነበርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ባለቤቴ ‹ተዪውና አንድ ነገር እንክፈት› ይለኛል። ልተወው ወይስ ልቻለው?»
ደክሞኛል፣ ከጅማ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ እንደ ዓምድ አዘጋጅ፣ አንዴ ደግሞ ሃያ ዓመት ጋዋን ለብሳ ናይት እንዳደረች ሴት። የጠየቅሽኝ «ልተወው ወይስ ልቻለው» ነው፤ እንደርስበታለን። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በጥቂት መስመር ዘለሽው ያለፍሽው የመዳፍሽ ጉዳይ ነው። ስለ ወገብሽ አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈሽ ስለ መርፌው ሦስት መስመር! በሽተኞቻችንም እንዲህ ናቸው። ስለ ራስ ምታት ሲያወሩ ቆይተው፣ ዋናውን ነገር የሚናገሩት የበሩን እጀታ ከያዙ በኋላ ነው።

በግልጽ ልንገርሽ። ከተወጉ በኋላ የሚሰጠው የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት ቢቻል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ ደግሞ እስከ 72 ሰዓት ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ ነው። ያ ጊዜ አልፎሻል። አሁን ከጓደኛ ተቀብለሽ በድብቅ እንዳትጀምሪ፤ ጥቅም የለውም። ይህን ብዬ ግን በፍርሃት አልተውሽም። ለሌላው ስትነግሪው የኖርሽውን ቁጥር ለራስሽ ድገሚው፦ ኤችአይቪ ካለበት ሰው ደም ጋር በተነካካ መርፌ ከተወጉ 1,000 ሰዎች ቫይረሱ የሚይዘው ሦስት ያህሉን ነው። ያንቺ መርፌ ደግሞ ከማን ሰውነት እንደወጣ እንኳ አይታወቅም። ሄፓታይተስ ሲም ቢሆን ከ100 ሁለት አይሞላም።

እኔ የምሰጋልሽ በሄፓታይተስ ቢ ነው። ያልተከተበ ሰው ቫይረሱ ያለበት መርፌ ቢወጋው የመያዝ ዕድሉ ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጪ ቢያንስ 7 ቀን የመቆየት አቅም አለው፤ ሳጥን ውስጥ ከርሞ የደረቀ መርፌ «የቆየ ነው» ተብሎ አይናቅም። ደግሞ እኮ ፔንታቫለንት የሚባለው አምስት በሽታ የሚከላከል የሕፃናት ክትባት አገራችን ከገባበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ሕፃናቱ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን በሦስት ዙር ያገኛሉ። ባልደረባሽ ክትባት ክፍል ውስጥ በቀን ስንት ልጅ ትወጋለች? እነዚያ ጡት የሚጠቡ ልጆች ካንቺ ይልቅ ከዚህ በሽታ የተጠበቁ ናቸው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባል የለ።

ስለዚህ ነገ ጠዋት፣ ከነገ ወዲያ ሳትዪ፣ የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢና የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ አድርጊ። ደምሽ ከተቀዳ በኋላ ሁለተኛውን ክትባት ውሰጂ። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ፤ ክትባቱ በተወሰደ ሰሞን ደም ቢመረመር ክትባቱ ራሱ ለአጭር ጊዜ «ፖዘቲቭ» ሊያስመስል ይችላል፤ በከንቱ ትደነግጫለሽ። «አራት ዓመት አልፎታል፣ ከዜሮ ልጀምር ወይ?» ካልሽ፣ አያስፈልግም። የተቋረጠ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል። ሦስተኛው ከሁለተኛው ቢያንስ 8 ሳምንት ቆይቶ ይሰጣል። ሦስተኛውን ከጨረስሽ ከአንድ ወይም ከሁለት ወር በኋላ ሰውነትሽ መከላከያ ማበጀቱን የሚያሳይ ምርመራ አለ፤ የሚሠራበት ቦታ ካገኘሽ አትለፊው። የኤችአይቪ ምርመራውን በ6ኛው ሳምንትና በ3ኛው ወር ትደግሚዋለሽ፤ የሄፓታይተሶቹን ደግሞ በ6ኛው ወር። እስከዚያ ኮንዶም። ይህ ማለት ለባለቤትሽ ትነግሪዋለሽ ማለት ነው፤ ይህ የምክሬ ከባዱ ክፍል መሆኑን አውቃለሁ። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበም ለሚያይሽ ሐኪም ከሁሉ አስቀድመሽ ንገሪ።

አሁን «ጅማ እኮ ትንሽ ከተማ ናት» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እውነትሽን ነው። ከ1992 ዓ.ም. በፊት፣ ዩኒቨርሲቲው ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሳለ ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚያፈራ ከተማ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ያለው የክፍልሽ ልጅ፣ ፋርማሲ ያለችው የሠፈርሽ ልጅ፣ ካርድ ክፍል ያለችው የእድርሽ አባል። ከፈረንጅ አራዳ መርካቶ እስክትደርሺ በባጃጁ መስኮት «ሲስተር!» የሚልሽ አይጠፋም። እና ሁለቱን ነገር ለይተሽ ያዢ። ምርመራውን የትም ማድረግ ትችያለሽ፤ ሌላ ጤና ጣቢያ፣ ግል ክሊኒክ፣ ካሰኘሽም አጋሮ ድረስ ሄደሽ። ሪፖርቱ ግን የሚደረገው በሥራ ቦታሽ ነው፤ ለኢንፌክሽን መከላከል ተጠሪው ወይም ለኃላፊሽ፣ በጽሑፍ፣ ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ። ቅጂውን ቤትሽ አስቀምጪ።

ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ምን ይጠቅማል አትበዪ። ሄፓታይተስ ቢ በደም ውስጥ ለመታየት ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይወስድበታል። የነገው ምርመራሽ ነጻ ሆኖ፣ አያድርገውና ከወራት በኋላ ቫይረሱ ቢገኝ፣ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑን የምታስረጂው በነገው ወረቀት ነው። የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በሥራ ምክንያት ለመጣ ጉዳትና በሽታ መብት ይሰጣል፤ መብቱ የሚጠየቀው ግን በወረቀት ነው። ካርድ ላይ ያልሰፈረ ጉዳት በመሥሪያ ቤት ዓይን አልደረሰም። «ለባልደረባዬ ነግሬያታለሁ» ወረቀት አይሆንም።

«ምን ይሉኛል» ላልሽው ደግሞ ይኸውልሽ። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ተዘግቶ መነሣት እንዳለበት አንቺ ራስሽ አስተምረሻል። ያን ሌሊት አፉ ድረስ ሞልቶ የቆየው አንቺ ስላላወቅሽ ነው? ልገምት፦ ባዶዎቹ ሳጥኖች መጋዘን ውስጥ ተደርድረዋል፣ መጋዘኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ደግሞ ቤቱ ከተኛ ሰው ጋር ነው። ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ፤ እኔ ግን ከዚህ የተለየ ናይት አላስታውስም። ያንቺ ሪፖርት ሲገባ ሳጥኑ ማታ ክፍሉ ውስጥ እንዲቀመጥ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል። ሪፖርቱ ካልገባ ነገ የምትወጋው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱንም ክትባት አልወሰደችም።

ወደ ወገብሽ ልምጣ። የዲክሎውን ትዕይንት አውቀዋለሁ። በሩ ገርበብ ይደረጋል፤ የጋዋኑ ጫፍ ከፍ፣ የቀሚሱ ወገብ ዝቅ፤ አንድ እጅ የመድኃኒት ጋሪውን ይደገፋል። «ቶሎ በይ ሰው መጣ» ይባላል። ግማሹ ጥጥ ወለል ላይ ይወድቃል። ከዚያ ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነን እንወጣለን። የደም ግፊት ያልተለካበት፣ ኩላሊት ያልተጠየቀበት፣ ካርድ የሌለው ሕክምና! አንዲት ታካሚ መጥታ «ሁለት ዓመት ወገቤን ያመኛል፣ በሳምንት ሦስቴ ዲክሎ እወጋለሁ» ብትልሽ እንዴት ትቆጫት ነበር?

የወገብሽ ሕመም እውነተኛ ነው፣ ሥራሽም ያመጣው ይመስለኛል። ዝቅ ባለ አልጋ ላይ አጎንብሶ ሰዓታት መቆም፣ ጥንካሬዋን የጨረሰች እናት ለብቻ ደግፎ ማንሣት፣ ከናይት ወጥቶ ደግሞ ቤት ውስጥ እንጀራ መጋገር። መድኃኒቱ ግን በዚህ አካሄድ ሌላ በሽታ እያከለልሽ ነው። ዲክሎፌናክና ዘመዶቹ ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ደም ግፊት ይጨምራሉ፣ ኩላሊትን ቀስ ብለው ይጎዳሉ። የጨጓራሽ ቃጠሎ «ተዪኝ» የሚል ጩኸት ነበር፤ አንቺ በኦሜፕራዞል አፉን ያዝሽው። በጥድፊያ የሚወጋ መርፌ ቦታውን ቢስት ደግሞ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊነካ ይችላል። ከወገብ ሕመም ድነሽ እግርሽን እየጎተትሽ መሄድ አለ።

ስለዚህ ዲክሎውን አቁሚና ሐኪም ፊት ታካሚ ሆነሽ ተቀመጪ። ግፊትሽ ይለካ፣ የኩላሊት ምርመራ ይሠራልሽ፣ ሰገራሽ ጥቁር ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ሳትሸሽጊ ተናገሪ። ሁለቱ እግሮችሽ መሃል መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ አለመቆጣጠር፣ እግር መስነፍ ከተሰማሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው፤ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊት የሚብስ ሕመም፣ ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ መታሰብ አለበት። ባለሙያ ሆነን ስለ ራሳችን ሲሆን የማናስበው ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ አብዛኛው የወገብ ሕመም በእንቅስቃሴና በፊዚዮቴራፒ እየተሻለው ይሄዳል፤ ተኝቶ መክረም ያብሰዋል እንጂ አያድነውም። ሥራ ላይ ደግሞ እናት ለብቻሽ አታንሺ፤ አንሶላውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ለሁለት። ከፍና ዝቅ የሚል አልጋ ካለ ከፍ አድርጊው፤ ከሌለም አንድ እግርሽን መረገጫ ላይ አውጥተሽ ቁሚ። አንድ ነገር ደግሞ ጅማዎች እንዳይቆጡኝ እንጂ፦ ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ከአንድ እንጨት የተፈለፈለ ውብ ነገር ነው፤ ለታመመ ወገብ ግን ዝቅ ይላል። ቡናሽን ለጊዜው ደገፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነሽ ጠጪ።

ቡናውንም ካነሣን አይቀር፣ ናይት ወጥተሽ ከአቦል እስከ በረካ እየጠጣሽ «እንቅልፍ የለኝም፣ ጨጓራዬም ተነሥቷል» ማለት አይሆንም። በቡና አገር ቡና ተዪ አልልም። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ አትጠጪ፤ ይኼው ነው። ናይትን ለመቋቋም ጫት የለመዱ ባልደረቦችም አሉሽ፤ ለእነሱም እንቅልፋቸውን ማን እንደወሰደባቸው ብትነግሪያቸው ውለታ ነው። ሌላው ነውር የሚመስል ጥያቄ፦ በአንድ ዲዩቲ ውስጥ ስንቴ ሽንት ቤት ትሄጃለሽ? «ሰው ይጠብቃል» እየተባለ ውኃ ሳይጠጡ መዋል፣ ሽንት ይዞ ማደር፣ ከዚያ በየሁለት ወሩ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። ለዚያም መድኃኒቱ ከመደርደሪያ ይነሣል፤ ለዚያም ካርድ የለም።

ስለ ካርድ ይህን ያህል የምጨቀጭቅሽ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። እኔም ያንቺኑ አድርጌያለሁ።

ቲቢ ክፍል እሠራ ነበር፤ የት እንደሆነ ይቅር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት ብቻ አለው፤ እሱም ለብርዱ ተብሎ ይዘጋል። አንድ ቀን ሳል ጀመረኝ። ጉንፋን ነው አልኩ። ከመደርደሪያው አሞክሳሲሊን አንሥቼ ጀመርኩ። አልተወኝም፤ ሌላ ዓይነት ቀየርኩ። ከኋላዬ ግድግዳው ላይ «ሳል ከሁለት ሳምንት ከበለጠ ይመርመሩ» የሚል ፖስተር ተለጥፏል። በየጠዋቱ ለሰዎች የአክታ መቀበያ ኩባያ አድላለሁ፣ «ከልብህ አውጣው፣ ምራቅ እንዳይሆን» እያልኩ አሰለጥናለሁ፤ በመሃል ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስላለሁ። ሰባት ሳምንት እንዲህ ሆንኩ። ቀሚሴ ወገቡ ላይ ሰፋኝ፤ ደስ አለኝ እንጂ አልጠረጠርኩም። አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ኩባያቸውን ሲቀበሉኝ ቀና ብለው አይተውኝ «ልጄ፣ አንቺስ ሰጥተሻል?» አሉኝ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ማታ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ አንድ ኩባያ ይዤ ከሕንጻው ጀርባ ሄድኩ።

ፖዘቲቭ ነበር። ስድስት ወር መድኃኒት ወሰድኩ፣ ዳንኩም። ያልዳነልኝ ሌላ ነው። የመጨረሻ ልጄ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ይተኛ ነበር። ተመርምሮ በሽታው ባይገኝበትም፣ ለጥንቃቄ በየቀኑ ክኒን እየፈጨሁ ስድስት ወር በማንኪያ አጠጣሁት። መራራ ነው፤ አፉን ይዘጋብኝ ነበር። ሰባት ሳምንት ካርድ ላለማውጣት የከፈልኩት ይህን ነው። ስለዚህ ስለ ልጅሽ ስትጽፊ ያንን ማንኪያ አስታወስኩ።

ካርድ አለማውጣታችን ግን ድንቁርና ብቻ አይደለም። መቼ ይወጣል? ሰልፉ ላይ ስንቆም «ሲስተር፣ አንቺ ምን ትሠለፊያለሽ፣ ግቢ» ይሉናል፤ ገብተን ቆመን እንጠይቅና ቆመን ተመክረን እንወጣለን። ገንዘቡም አለ። የማኅበረሰብ ጤና መድን ደብተር የያዘውን ገበሬ ስናስተናግድ እንውላለን፤ ለደመወዝተኛው ግን ማኅበራዊ የጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ታውጆ ወደ ሥራ ሳይገባ ብዙ ዓመት ተቀመጠ። የራሱን ሠራተኛ በነጻ የሚያክም ተቋም አለ፤ መድኃኒቱን ከውጭ ግዙ የሚልም አለ። ያንቺ ጤና ጣቢያ የቱ እንደሆነ ጠይቂ። አብዛኞቻችን ጠይቀን አናውቅም።

(ስለ ጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ራሱን የቻለ ደብዳቤ ቢመጣልኝ ደስ ይለኛል። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ3,000 እስከ 5,000 ሰው ያለበትን ቀበሌ ሁለት ሴቶች ይዘው፣ ክረምቱን በቦት ጫማ ጭቃውን እየጠለቁ ቤት ለቤት የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ውሻ ሲነክሳቸው እንኳ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥበው ዕለቱን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መሄድ እንዳለባቸው ለሰው እየነገሩ፣ ራሳቸው በጨርቅ አሥረው ጉዞ የሚቀጥሉ አይቻለሁ።)

አሁን ወደ ጩኸትሽ። «እኔ እንዲህ አልነበርኩም» ብለሻል። አምንሻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ከሥራ ጋር የተያያዘ መዛልን በበሽታዎች መዝገቡ ላይ ሲያሰፍር፣ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን ከሥራ የሚመጣ ሁኔታ ነው ብሎ ሦስት ምልክት ሰጠው፦ አቅም ተሟጥጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅና መሰላቸት፣ «ምንም አልረባሁም» የሚል ስሜት። መንስኤው ደግሞ በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና ነው ይላል፤ የሠራተኛዋ ጠባይ አላለም። ያቺን ልጅ የመታት ያንቺ ክፋት ሳይሆን ሁለተኛው ምልክት ይመስለኛል። ይህን የምለው ላጸድቅሽ አይደለም፤ የጮህሽባት ልጅ መጎዳቷ አልቀረም። ነገር ግን ምክንያቱን ካላወቅሽ ነገ ሌላዋ ላይ ትደግሚዋለሽ።

በነገራችን ላይ «የጤና ባለሙያ እንደ ሻማ ራሱ እየቀለጠ ለሌላው ያበራል» የሚለውን ንግግር በየምርቃቱ በሰማሁ ቁጥር ጥርሴን ነክሳለሁ። ሻማ ካለቀ በኋላ ማን ያስታውሰዋል? ሳህኑን በቢላ ይፍቁታል።

መዛል ብቻ ነው ወይስ ድብርትም አለበት የሚለውን በደብዳቤ አልለይም። በሳምንት እረፍትሽ፣ ከልጅሽ ጋር ሆነሽም ደስታ ከጠፋ፣ የምግብ ፍላጎትሽ ከተለወጠ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ፣ ከሥራ ያለፈ ነገር ነውና ባለሙያ ይይሽ። አንድ ጥያቄ ደግሞ አቅጣጫ ሳልቀይር እጠይቅሻለሁ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ የለብሽም። ባልነቃ፣ ብሞት ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል? ካወቀ ዛሬውኑ ለአንድ የምታምኚው ሰው ተናገሪና አብራችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ፤ ለብቻሽ አትደሪ። ጅማ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተማ የታደለች ናት፤ የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማእከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ካርድ ክፍሏ ታውቀኛለች ብለሽ ከሆነ የምትቀሪው፣ ደግሞ ተሰለፊ። ስንት እናት በዚያ መስኮት ፊት አፍራ ቆማ እንዳለፈች ታውቂያለሽ።

«ልተወው ወይስ ልቻለው?» ሁለቱንም አልወደድኳቸውም። «መቻል» እስከ ዛሬ ያደረግሽው ነው፤ ውጤቱን አየነው። መተውም ቢሆን እንቅልፍ ያጣ፣ ወገቡን የታመመ፣ የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ ሰው የሚወስነው ነገር አይደለም። ባለቤትሽ ክፉ አላሰበም፤ ያየውን ነው የተናገረው፤ መርፌውን ቢሰማ ደግሞ የበለጠ ይላል። እስኪ ይህን በዪው፦ «ሦስት ወር ስጠኝ።» በእነዚህ ሦስት ወራት ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ ውሰጂ። ከሐኪም የወገብ ማስረጃ ይዘሽ ከማዋለጃ ወደ ሌላ ክፍል፣ ለምሳሌ ወደ እርግዝና ክትትል ወይም ወደ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ለጊዜው እንድትዛወሪ በጽሑፍ ጠይቂ። ናይትሽ ተከታታይ እንዳይሆን ከጓደኞችሽ ጋር ፕሮግራም ተቀያየሪ። ኃላፊሽ «ሰው የለም» ይልሽ ይሆናል፤ ሁሌም ሰው የለም። ያኔ «እኔም ከቀረሁ ደግሞ አንድ ይቀንሳል» ማለት ትችያለሽ፤ ቁጣ ሳይሆን ሒሳብ ነው። ሦስት ወሩ አልፎ፣ ተኝተሽ፣ ታክመሽ፣ ውጤትሽን ይዘሽ አሁንም ጋዋኑን ስታዪ ሆድሽ የሚረበሽ ከሆነ፣ ያኔ ተዪው። ሥራ መልቀቅ ክህደት አይደለም። ግን ክሊኒክ ወይም መድኃኒት ቤት ለመክፈት ከሆነ፣ የምትሸሺውን ናይት ራስሽ ቀጥረሽ እንዳትጠብቂው አስቢበት።

የቀረችው ያቺ ልጅ ናት። በመርፌው ሌሊት ስለወለደች ሕፃኑ አሁን ሦስት ሳምንቱ ነው። በ45ኛ ቀኑ ለመጀመሪያው ፔንታቫለንት ይዛው ትመጣለች፤ የወሊድ መዝገቡን ብታዪ ቀኑን ታገኚዋለሽ። ያ ሳምንት ያንቺም የ6ኛ ሳምንት ምርመራ ነው። ያን ጠዋት ወደ ክትባት ክፍሉ ጎራ በይ። አግዳሚው ላይ አጠገቧ ቁጭ በይና በሚገባት ቋንቋ «ያን ሌሊት የጮህኩብሽ እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» በያት። አትፍሪ፤ ምናልባት አታስታውስሽም፣ ምናልባትም ፊቷን ታዞርብሽ ይሆናል። ሕፃኑን ያዢላት፤ ጭኑ ላይ ሲወጋ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል።

ከዚያ የራስሽን ደም ሰጥተሽ ጻፊልኝ፤ ምን እንዳለችሽም ጭምር።

ታላቅ እህትሽ